ከመጽሐፍ የወጣ መርዶ

ጅቡቲ ውስጥ ፍሪጁ የተበላሸበት ሰው፣ ባለ ቪላም ይሁን ሻይ ሻጭ፣ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነበር። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። ካርቲየ 6 የሚሉት ሰፈር ገብታችሁ «የዘውዴ ሱቅ የት ነው?» ብትሉ ሶማሌውም ዓፋሩም ዓረቡም እጁን ዘርግቶ ያሳያችሁ ነበር። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዘውዴን ያስተማረው ዘውዴ ነው። ፈረንሳይኛን የተማርኩት ከፍሪጅ ሞተር ጋር ከሚመጣው መመሪያና ዓሣ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ነው። አንድ ጊዜ የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ ኤሲ ልጠግን የገባሁባት አንዲት ፈረንሳዊት አነጋገሬን ሰምታ «ፓሪስ የት ሰፈር ነበርክ?» አለችኝ። «ካርቲየ 6» አልኳት።

ዛሬ ግን የማወጋችሁ ስለ ፍሪጅ አይደለም። ምላሴ ያመጣብኝን፣ ያ ሁሉ እውቀቴም ያላወጣኝን አንድ ነገር ነው።

አዲሱ ሚሊኒየም በገባ ሰሞን ነው። ጅቡቲ የሚያርፈው ዓርብ ስለሆነ፣ ሀራሙስና ሆዳን በሚባሉት ሰፈሮች በየሰው ቤት የሚሠሩት ሴት ልጆች ዓርብ ከሰዓት በኋላ እኔ ሱቅ ይሰበሰቡ ነበር። የሚመጡት መጽሐፍ ሊሰሙ ነው። ስንታየሁ የምትባል የጎጃም ልጅ አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ ትሠራ ነበር። የቤቱ ሴት ልጅ «የመዳብ ሰማይ» የሚሉትን ተከታታይ መጽሐፍ እንደ ዳዊት ትደግመዋለች። ያን ጊዜ የፈረንጅ ልጆች ሁሉ ያበዱበት መጽሐፍ ነበር። ልጅቷ ጨርሳ ስታስቀምጠው ስንታየሁ አስፈቅዳ ታመጣልኛለች፤ እኔም ፈረንሳይኛውን እያየሁ በአማርኛ አነብላቸዋለሁ።

ልብ በሉ፤ በጽሑፍ ተርጉሜ አይደለም። ዓይኔ ፈረንሳይኛውን ያነሣል፣ አፌ አማርኛውን ያወርዳል። ቀድሜም አላነብም፤ ሰሚው ሲደነግጥ እኔም አብሬ እደነግጣለሁ። ይህን የሚችል ሰው በጅቡቲ ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም አልተሰማም።

ታሪኩ ሰማዩ መዳብ ሆኖ ዝናብ ስለቀረበት አገር ነው። አንድ ልጅ እናቱን ሳይሰናበት ከቤት ወጥቶ በጀልባ ይሳፈራል፤ የሰማዩን በር የሚከፍተውን ቁልፍ ፍለጋ ነው። ጠንቋይ አለ፣ የሚናገር ዓሣ አለ፣ የሰው ትንፋሽ የምትሰፍር ክፉ ንግሥት አለች። የፈረንጅ ስም ለጆሯችን ስለማይጥም ለሁሉም ስም የሚያወጡት ሰሚዎቹ ነበሩ። ንግሥቲቱን «ማዳም» አሏት፤ ምክንያቱን የሀራሙስ ሠራተኛ ሁሉ ያውቀዋል። ወሬ የማያቆመውን ዓሣ «መክብብ» አልነው። መክብብ በአዲስ አበባና በወደቡ መካከል የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ዓርብ እዚህ ከዋለ አይቀርም። ዓሣው በተናገረ ቁጥር ደረቱን ይነፋል።

ለጀልባው ልጅ ስም ያወጣችለት እትዬ ብርቅነሽ ናት። የመጀመሪያውን መጽሐፍ በጀመርንበት ቀን ልጃገረዶቹ ሲከራከሩ ሁልጊዜ ከምትቀመጥበት የሶዳ ሣጥን ላይ ሆና፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኤርሚያስ በሉት» አለች። ክርክሩ እዚያው ቆመ። እኔም «ኤርሚያስ ይሁን» አልኩ።

ብርቅነሽ የባቡር ሠራተኛ የነበረ የጓደኛዬ ሚስት ናት፤ ባሏ ሞቷል። አንድ ልጇ ኤርሚያስ ሳይሰናበታት ወደ ኦቦክ ወደብ ሄዶ ወደ የመን በሚሻገር ጀልባ ተሳፈረ። ከዚያ ወዲያ ስልክ የለም፣ ሰው የለም፣ ወሬ የለም። ደረሰ ያለ የለም፤ ሰጠመ ያለም የለም። ስለዚህ ጉዳይ ከእሷ ጋር የሚያወራ አልነበረም። ዓርብ ዓርብ ግን አጠገቤ ተቀምጣ የመጽሐፉን ኤርሚያስ ትሰማለች። የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ዛሬስ በላ?»

«አልተጻፈም፣ እቴ።»

«አይጽፉትም እንጂ ይበላል» ትላለች፣ ራሷን እየነቀነቀች።

እንዲህ እያልን አምስት መጽሐፍ ጨረስን። የመጨረሻው ሊወጣ ነው ሲባል የሰፈሩ ወሬ ሌላ አልነበረም። ኤርሚያስ በሩን ይከፍታል አይከፍትም፣ ወደ እናቱ ይመለሳል አይመለስም እያሉ ሲከራከሩ አንዳንዶቹ እስከ መኮራረፍ ደርሰዋል። በመጨረሻ ስንታየሁ መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልላ መጣች፤ ፊቷ ግን ልክ አልነበረም።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ልጅቷን ምን እንደነካት እንጃ። መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ወረወረችው። ምግብም አልቀምስ ብላለች።»

«ምን ሆና?»

«ምን አውቄ! ጨርሳው ነዋ። በኮምፒዩተር ከጓደኞቿ ጋር ትጻጻፋለች፤ ፈረንሳይ ያሉትም እያለቀሱ ነው አለችኝ። አንዱ ጭራሽ አቃጥሎት ፎቶውን ልኮላታል።»

«ስላለቀባቸው ነዋ!» አለ መክብብ። «እኔስ ያለቀ ዕለት የማላለቅስ መስሎሻል? መኪናዬን አቁሜ ነው የማነባው።»

ስንታየሁ ግን ወደ እኔ ጠጋ አለች። «መጨረሻውን ቀደም ብለው ቢያዩትስ፣ ጋሽ ዘውዴ?»

«ዘውዴ ቀድሞ አይቶ አያውቅም» አልኳት። «ተዘጋጅቶ መናገርማ ማንም ይችላል።»

ንባቡ ብዙ ዓርብ ፈጀ። የመጨረሻው ዕለት ሐምሌ ነበር፤ ካምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ አሸዋውን እያነሣ በበር በመስኮት ያስገባል። ሱቄ ሰው አልችል ብሎ እስከ መንገዱ ድረስ ምንጣፍ ተነጠፈ። ለጥገና የመጡትን ቬንቲላተሮች በሙሉ ሰካሁላቸው። ባለቤቶቹ ቢያዩኝ ምን ይሉ እንደነበር እግዜር ይወቅ። ብዙም ሳይቆይ መብራት ሄደና ሁሉም አንድ ላይ ቆሙ። ማንም ከቦታው አልተነቃነቀም።

በላብ እየታጠብኩ አነበብኩ። ኤርሚያስ ከማዳም አመለጠ። ዓሣው መክብብ ለእሱ ሲል ተሠዋ። ሾፌሩ መክብብ «እሰይ! እንደ ወንድ ሞትኩ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰዉ በሣቅ ፈረሰ። ኤርሚያስ ከባሕሩ መካከል ከቆመው በር ደረሰ። ቁልፉን አስገባ። አዞረው።

«ሰማዩ ተሰነጠቀ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ዝናቡም ወረደ!»

እልልታው ቀለጠ። ልጃገረዶቹ ተቃቀፉ፤ መክብብ የሱቁን ቆርቆሮ በጡጫ ይደልቃል። ብርቅነሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላለች። ልጇ ከሄደ ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ቀን ነው።

በአፍ የሚተረጉም ሰው ዓይኑ ከአፉ አንድ አንቀጽ ይቀድማል፤ የሥራው ሕግ ነው። እነሱ እልል ሲሉ ዓይኔ ወደ ታች ወረደ። አነበብኩት። ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። ፈረንሳይኛ የጠፋኝ መስሎኝ ስድስት ቃል የማትሞላውን አንዷን ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ለይቼ አየኋት። ያው ነው።

ውሃ ጠጣሁ። መነጽሬን ጠረግሁ።

«ሙሴ ዘውዴ፣ ባትሪህ አለቀ እንዴ?» አለ መክብብ፤ እዚያ አገር ለባለሙያ «ሙሴ» ማለት ልማድ ነው። ሳቁ።

«ይቀጥሉ እንጂ ጋሽ ዘውዴ! እናቱ ጋ ይድረስልን!»

እመኑኝ፣ ልለውጠው እችል ነበር። የመጽሐፉ ደራሲ ዓመት ሙሉ ተቀምጣ ከጻፈችው የተሻለ ፍጻሜ በዚያች ደቂቃ በራሴ ውስጥ ተደርድሮ ነበር፤ ዓሣ አጥማጆች ያገኙታል፣ ብርድ ልብስ ያለብሱታል፣ ትኩስ ነገር ያጠጡታል። አፌን ከፈትኩ። ብርቅነሽ ግን ፊቴን እያየች ነበር። ማንበብ አትችልም፤ ፊት ግን ታነባለች። ፈገግታዋ ጠፍቷል።

«ዘውዴ» አለችኝ። «ያየኸውን በለው።»

«እቴ፣ ደክሞኛል፤ ለሳምንት ይቆየን።»

«ያየኸውን በለው አልኩህ።»

አልኩት። ምን ላድርግ? ዝናቡ ባሕሩን አስቆጣው። በሩ እንዳይዘጋ ኤርሚያስ በትከሻው ደግፎ ያዘው፤ ጓደኞቹ በጀልባው አመለጡ። ማዕበሉ መጣ። ሲመለስ በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ባሕሩ ወሰደው። ጓደኞቹ ዳርቻውን ሁሉ ፈለጉ፤ ሬሳውም አልተገኘም። የፈለጉት ሁሉ ደከማቸው፤ ተመለሱም። መጽሐፉ እዚያው አለቀ።

ሱቁ ተደበላለቀ።

«ገጽ ተቀዶ ነው! ይዩት እስቲ፣ ገጽ ተቀዶ ነው!» አለች አንዷ መጽሐፉን ከእጄ እየነጠቀች።

«ምን ዓይነት ሴት ናት?» አለ መክብብ፤ ቁጣው የምር ነበር። «ስድስት መጽሐፍ ሙሉ አስከትላን አስከትላን እዚህ ትጥለናለች? እኔን ዓሣውን ገደለችኝ፤ ምንም አላልኩ። እሱንስ ምን በወጣው?»

«ይኼን ከምትጽፍ ብትተወው ይሻላት ነበር! እኔ አልቀበልም!» አለች ሌላዋ።

«ልጅቷ እውነቷን ነው የወረወረችው!» ይህች ስንታየሁ ናት፤ ታለቅሳለች። «የፈረንጁ ልጅ ማቃጠሉ ሲያንሰው ነው!»

በዚህ ሁሉ ጫጫታ መካከል ብርቅነሽ ተነሣች። የራሷን ሻሽ ፈታች። ነጠላዋን ዘቀዘቀች። በእኛ ዘንድ ነጠላ የሚዘቀዘቀው መቼ እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

«ልጄ!» አለች። «ኤርሚያስዬ! ውሃ በላህ? ባሕር በላህ?»

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። የሞተው የመጽሐፍ ሰው መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ግን ደረቷን የምትመታ እናት ብቻዋን ስታለቅስ ቆሞ የሚያይ ማን ነው? ስንታየሁ ቀድማ ተነሥታ ወገቧን ያዘቻት። ሌላዋ ተከተለች። ሁለት አፍታ ሳይሞላ ሱቄ የለቅሶ ቤት ሆነ። ጎረቤት ሰማ፤ የጎረቤቱ ጎረቤት ሰማ። የሶማሌ ሴቶች ሳይቀሩ «አላህ ያጽናሽ» ሊሏት መጡ። ፀሐይ ሳትጠልቅ የዕድራችን ድንኳን በብርቅነሽ በር ላይ ተተከለ።

የዕድሩ ዳኛ አቶ በየነ ረጋ ያለ ሰው ነው። ወደ ጎን ጠራኝ።

«መርዶውን ያመጣኸው አንተ ነህ አሉኝ። መርዶ እኮ በማለዳ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው፤ ምን ነካህ ዘውዴ? ለመሆኑ ከየመን ሰው መጣ?»

«አልመጣም።»

«ስልክ ተደወለ?»

«አልተደወለም።»

«ታዲያ ከየት ሰማህ?»

መጽሐፉን አሳየሁት። ሽፋኑ ላይ ፀጉሩ ብጫ የሆነ ልጅ ጀልባ ላይ ቆሟል። በየነ ተቀብሎ ፊቱን አየ፣ ጀርባውን አየ፣ እንደገና ፊቱን አየ።

«ይኼ ፈረንጅ ነው ኤርሚያስ?»

ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ማስረዳት አቅቶኝ አያውቅም። ሲገባው ዞሮ ድንኳኑን አየ፤ ከውስጡ የሴቶች ዋይታ ይሰማል፤ ወንዶች አግዳሚ ወንበር እያስገቡ ነው።

«ይፍረስ እንግዲህ» አለ። «ግን ማን ይነግራታል?»

«አንተ የዕድር ዳኛ ነህ።»

«ያነበብከው አንተ ነህ!»

ገባሁ። ከጎኗ ተቀመጥኩ። «እቴ» አልኳት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ፣ «ይኼ እኮ መጽሐፍ ነው። አንዲት ሴት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ የፈጠረችው ነው። የአንቺን ልጅ አታውቀውም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሞኝ አደረግኸኝ እንዴ፣ ዘውዴ? መጽሐፍ መሆኑን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይኼ ሁሉ ምንድን ነው?»

«ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ሞተ የሚለኝ የለም፣ አለ የሚለኝ የለም። ላልቅስ ብል ‹ሟርት ነው› ይሉኛል። ልሣቅ ብል እንዴት ብዬ? ዛሬ አንድ ሰው አፉን ሞልቶ ‹ኤርሚያስን ባሕር ወሰደው› አለኝ። ተወኝ ላልቅስበት።»

ተነሥቼ ወጣሁ። በየነ በዓይኑ ጠየቀኝ፤ «አይሆንም» ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ድንኳኑ ሳይፈርስ አደረ።

በማግሥቱ ማለዳ ለቅሶ ሊደርሱ ካህኑ መጡ። ብርቅነሽ እግራቸው ላይ ወደቀች።

«አባ፣ ለልጄ ፍትሐት ይፍቱልኝ።»

ነገሩን በመንገድ ሰምተውታል መሰለኝ፤ አልደነገጡም። «ማን አየ፣ ልጄ? ሬሳ አለ? የዓይን ምስክር አለ?»

«ዘውዴ አለ።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዲያምነኝ፣ «ዘውዴ ካለው አለቀ» እንዲባልልኝ የጣርኩ ሰው ነኝ። ተብሎልኝም ነበር። በዚያች ሰዓት ግን ከአግዳሚው ሥር መግቢያ ቢኖር እገባ ነበር።

«ዘውዴ» አሉኝ አባ። «የዚህችን እናት ልጅ ሲሞት አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«መሞቱን ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«በሕይወት መኖሩንስ?»

ብርቅነሽ ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም። አዎ ብላቸው ሐሰት ነው፤ የለም ብላቸውም ሐሰት ነው። ፈረንሳይኛዬ፣ ዓረብኛዬ፣ ሶማሊኛዬ፣ በዚያ ሁሉ ቋንቋ ውስጥ ብፈልግ ለዚያች ጥያቄ የሚሆን አንድ ቃል አጣሁ።

«አላውቅም አባ» አልኩ።

«እንግዲያው ፍትሐት አይፈታም። ለመሞቱ ምስክር ለሌለው ሰው እንዴት እፈታለሁ? ምሕላ ግን እናደርሳለን።»

«ካልሞተስ የት አለ?» አለች ብርቅነሽ። ጮኻ አይደለም፤ መንገድ እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያለችው። «እሺ ይሁን፣ ካልሞተ የት እንዳለ ይንገሩኛ።»

አባ መስቀላቸውን አሳለሟት። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ተነቀለ። ያለ ተዝካር፣ ያለ ስንብት የፈረሰ ለቅሶ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። ሰዎቹ ሲወጡ «እግዜር ያጽናሽ» ይበሉ ወይስ «እግዜር ያምጣልሽ» ግራ ገብቷቸው፣ ብዙዎቹ እጇን ጨብጠው ብቻ ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሰዉ ነገር እንዲህ ሆነ። ሀራሙስ ያለችው ልጅ ሌላ መጽሐፍ ጀምራ ተጽናናች፤ ስንታየሁ ናት የነገረችኝ። መክብብና ልጃገረዶቹ ተመካክረው ስድስተኛው መጽሐፍ አልተጻፈም ብለው ወሰኑ። «ያነበብክልን አምስት ነው ሙሴ፤ ስድስተኛውን ማን አየ?» ይለኛል መክብብ። ሲያወሩም ኤርሚያስ እስከ ዛሬ በጀልባው ላይ ነው። እኔን ደግሞ ጥቂቶች በሕይወት ያለ ልጅ ያሟረተ ብለው አሙኝ፤ ሌሎች ‹ሞቷል› ብሎ ያቺን ሴት ከጭንቀቷ ሳያሳርፋት ቀረ አሉኝ። ሁለቱንም ሰምቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ምን ትሉኝ ነበር? እኔን ብትሆኑ ምን ታነቡላት ነበር? ዓሣ አጥማጆቹን ትጠሩላት ነበር? ብዙ ሌሊት አስቤበታለሁ፤ አስቤም የረባ ነገር ላይ አልደረስኩም፤ እንደ እኔ ላለ ሰው ይህን መጻፍ ቀላል አይደለም። ስለ ሙያዬ ዛሬም አልግደረደርም፤ ያን ዕለት አንድም ቃል አልሳትኩም፤ ቢፈልግ የፈረንሳይ መምህር መጥቶ ይመርምረው። የተለወጠው ሌላ ነው። ድሮ ወደ የመን የሚሻገሩ ልጆች ሱቄ ጎራ ብለው «ባሕሩ እንዴት ነው፣ ጋሽ ዘውዴ?» ሲሉኝ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳቸው ነበር፤ ነፋሱን፣ ጨረቃውን፣ ጀልባውን። ከዚያ ወዲህ ግን ሲጠይቁኝ የእናታቸውን ስልክ ቁጥር እጠይቃቸዋለሁ እንጂ ስለ ባሕሩ አልናገርም። አንዳንዱ ይሰጠኛል፤ አብዛኛው ሥቆ ይሄዳል። ሲሄድ አያለሁ። ከዚያ በላይ የምችለው ነገር የለም።

የዓርቡ ንባብ ቀረ። ብርቅነሽ ግን አንድ ዓርብ ከሰዓት ብቻዋን መጣች። ነጠላዋን እንደ ወትሮው አጣፍታለች። ሶዳ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች።

«የመጨረሻውን ገጽ አንብብልኝ።»

«እቴ፣ ምን ያደርግልሻል?»

«አንብበው።»

መጽሐፉ ስንታየሁ ሳትመልሰው እኔው ጋር ቀርቶ ነበር። አነበብኩላት፤ ማዕበሉን፣ በሩን፣ ባዶውን ዳርቻ። ዓይኗን ጨፍና ትሰማለች። ስጨርስ ዓይኗን ገለጠች።

«ሬሳውን ያየ የለም ነው የሚለው?»

«የለም ነው የሚለው።»

«የፈለጉት ሰዎች ደክሟቸው ተመለሱ?»

«አዎ፣ እንደዚያ ይላል። ደከማቸው፤ ተመለሱም።»

ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች።

«እኔ አልደከመኝም» አለችና ወደ ወደቡ በሚወስደው መንገድ ሄደች።